ትንፋሻችንን ስለ ማስፋት
(አስም ያለባቸው ተማሪዎች በኅብረቱ ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)



በዚህ መድረክ ላይ ስለ አገርና ስለ ትምህርት ብዙ ትልልቅ ነገር ተነግሯል። እኛ ዛሬ ይዘን የቀረብነው ትንሽ የሚመስል ጉዳይ ነው፤ ስለ ትንፋሽ ነው። ትንሽ የሚመስለው ግን ላልጎደለበት ሰው ነው። ትንፋሽ የጎደለበት ሰው ፈተናውንም፥ እንጀራውንም፥ ወዳጁንም ይረሳል፤ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው።

እኛ አስም ያለብን ተማሪዎች ነን። አብዛኞቻችን ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወዲህና ወዲያ ባሉት ሰፈሮች በኪራይ ቤት እንኖራለን፤ ወደ ስድስት ኪሎ ስንመጣም በየማለዳው ከድልድዩ ተነሥተን የጊዮርጊስን ዳገት እንወጣለን። ሐኪሞች አይደለንም። ሐኪም የነገረንን፥ መጽሐፍ ያስተማረንን፥ የገዛ ደረታችንም የመሰከረልንን ለማካፈል ነው የቆምነው።

ነገሩ የተጀመረው በዚያው ድልድይ ላይ ነው። ቀኑ ኅዳር 12 ነበር። ይህ ቀን በከተማችን ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ወደ አገራችን ገብቶ፥ «የኅዳር በሽታ» ተብሎ፥ በአዲስ አበባ ሺሕ በሺሕ ሰው ፈጀ። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ኅዳር 12 ቀን ግቢውንና ደጁን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ይህ ነው። የልማዱ መነሻ መልካም ነው፤ ሳንባን ከሚያጠቃ በሽታ ለመዳን የታሰበ ነው። ዳሩ ግን በዛሬው ዘመን ከገለባውና ከቅጠሉ ጋር ፌስታልና ላስቲክም ስለሚነድ፥ ሳንባን ለማዳን የተጀመረው ጭስ ሳንባን የሚያስጨንቅ ሆኗል።

በዚያ ምሽት ሦስት ሆነን ከጎጃም በረንዳ በኩል ወደ ፒያሳ እንመለስ ነበር። ድልድዩ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለ ሆነ ጭሱ ከግራና ከቀኝ ወርዶ ወንዙ ላይ ተኝቷል። ከመካከላችን አንዱ ድልድዩ ላይ ቆመ። መጀመሪያ የጫማውን ማሰሪያ የሚያጠብቅ መስሎን ነበር። ኋላ ስናየው ሁለት እጁን በድልድዩ ዳር ላይ ተክሎ፥ ትከሻው ከፍ ዝቅ እያለ፥ ደረቱ ያፏጫል። ከኪሱ ሰማያዊዋን ፓፍ አውጥቶ ነቀነቃት፤ ባዶ ነበረች። እኛ ሁለታችን ደግሞ የየራሳችንን ቤት ትተናት ነበር።

ያገራችን ሰው ደግ ነውና ወዲያው ተሰበሰበ። አንዲት እናት ውሃ አመጡ፤ አንድ ሽማግሌ ፌጦ ፈልጉለት አሉ፤ አንዱ ጎልማሳ ደግሞ መሬት ላይ አስተኙት አለ። ሁሉም በቅንነት ነው የተናገረው፤ ነገር ግን ለዚያ ልጅ የሚበጀውን የሚያውቅ አልነበረም። የሚያሳፍረው ደግሞ፥ እኛ ራሳችን አስም እያለብን አለማወቃችን ነው። አንድ ባለ ታክሲ ሒሳብ ሳይጠይቅ ሐኪም ቤት አደረሰን፤ እኩለ ሌሊት ሲሆንም ትንፋሹ ተመለሰ።

በማግሥቱ አልጋው አጠገብ ተቀምጠን «ይህች ፓፍ ስንት ጊዜ ትቆይልሃለች?» ብለን ጠየቅነው። «አንድ ወር» አለን። እኛም ከዚያ የራቅን አልነበርንም። ጭውውታችንን የሰሙት ተረኛዋ ሐኪም «ልጆች፥ እናንተ በየቀኑ የተነሣ እሳት ታጠፋላችሁ እንጂ እሳቱ እንዳይነሣ አታደርጉም» አሉን። ይህ ቃል ነው ለዛሬው ንግግር ያበቃን።

እንግዲህ አስም ምንድን ነው? ብዙዎቻችን አስም ማለት የሳንባ ማነስ ይመስለናል። አይደለም። የአንድ ጎልማሳ ሰው ሳንባ ጢም ብሎ ሲሞላ 6 ሊትር ያህል አየር ይይዛል፤ ዝም ብለን ስንቀመጥ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ግን ግማሽ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። አስም ያለበት ሰው ጎተራው እንደ ሌላው ሰው ጎተራ ነው፤ የጠበበው በሩ ነው። የአየር ቧንቧዎቹ የውስጥ ግድግዳ ይቆጣል፥ ያብጣል፥ አክታ ያመነጫል፤ በዙሪያቸው ያለው ጡንቻ ደግሞ ይኮማተራል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው፥ በሩ ሲጠብ አብልጦ የሚያስቸግረው አየር ማስገባት ሳይሆን ማስወጣት መሆኑን ነው። ጤነኛ ሰው አንድ ጊዜ ሳብ አድርጎ በኀይል ቢተነፍስ፥ ካስወጣው አየር ሁሉ ሦስት አራተኛውን ያህል ወይም ከዚያ በላይ በመጀመሪያዋ አንድ ሴኮንድ ያወጣዋል። አስሙ የተነሣበት ሰው ግን ይህን ሊያደርግ አይችልም። አሮጌው አየር ሳይወጣ አዲሱ ይደረብበታል፤ ደረቱ እንደ ተነፋ ኳስ ይወጠራል። «አየር አጠረኝ» ብሎ ሲጮኽ፥ በእውነቱ ሳንባው ሊያወጣው ባልቻለው አየር ተሞልቶ ነው።

ታዲያ ሳንባን ማስፋት ይቻላልን? ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ የአስም በሽተኛ የለም። የሳንባ ልክ በብዙው የሚወሰነው በቁመት፥ በዕድሜ፥ በጾታና ሰው ባደገበት ቦታ ነው። ለዚህ የቅርብ ምስክር አለን። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተመራማሪዎች በሰሜን ጎንደር፥ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በደባርቅና 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በአዲ አርቃይ የሚኖሩትን ሰዎች አመዛዝነው፥ የደጋው ሰው ደረት ከቆላው ሰው ሰፋ ያለ ሆኖ አግኝተውታል። ይህ ግን በልጅነት ዕድገት የሚመጣ እንጂ ሃያ ዓመት ካለፈ በኋላ በአንድ ክረምት ሩጫ የሚገኝ አይደለም። በልዩ ልዩ አገር የተደረጉት ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩም፥ አስም ያለበት ሰው በስፖርት ልቡና ጡንቻው ይበረታል፥ ሰውነቱም በኦክስጅን የመጠቀም ኀይሉ ይጨምራል፤ ያለ እንቅስቃሴ ተቀምጦ ሲለካ ግን የሳንባው ልክ እምብዛም አይለወጥም።

ይህን ሰምቶ ተስፋ የሚቆርጥ አይኑር። የእኛ ነገር ሌላ ነው። እኛ የጎደለን ጎተራ አይደለም፤ ያለንን ጎተራ የምንጠቀምበት በር ነው። ስለዚህ ለእኛ ሳንባን ማስፋት ማለት የተዘጋውን መክፈት፥ ተከፍቶም እንዲኖር ማድረግ፥ ከዚያም በተከፈተው መሥራት ማለት ነው። ተራው ይህ ነው፤ ተራውን ያፋለሰ ሰው ይደክማል እንጂ አይጠቀምም።

መጀመሪያ መክፈቱን እንመልከት። የአስም መድኀኒት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው ሳልቡታሞል፥ በተለምዶ ቬንቶሊን የምንለው ሰማያዊው ፓፍ ነው። የተኮማተረውን ጡንቻ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያላላል፤ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓትም ይረዳል። ግድግዳው ላይ ያለውን ቁጣና እብጠት ግን አይነካም። ሁለተኛው እንደ ቤክሎሜታዞንና ቡዴሶናይድ ያለው የሚሳብ መድኀኒት ነው። ይህ በጭንቅ ጊዜ ወዲያው አያሽልም፤ ነገር ግን በየቀኑ ሲወሰድ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ እብጠቱን ያበርዳል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ሰማያዊው ፓፍ የተነሣውን እሳት የሚያጠፋ ውሃ ነው፤ ሁለተኛው ግን እሳቱ ሳይነሣ የሚያዳፍን ቅጠል ነው።

ይህን ትምህርት ዓለም በርካሽ አላገኘውም። የመጀመሪያው ዘመናዊ ፓፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ከዚያ በኋላ በ1960ዎቹ በእንግሊዝና በሌሎች ጥቂት አገሮች፥ ጠንካራ የሆነው የአይሶፕሬናሊን ፓፍ በብዛት በተሠራጨበት ወቅት፥ በአስም የሚሞቱ ወጣቶች ቁጥር በድንገት ከፍ አለ። ሳልቡታሞል በ1969፥ የሚሳበው ቤክሎሜታዞን ደግሞ በ1972 ተከታትለው መጡ። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዓለም አቀፉ የአስም ሕክምና መመሪያ፥ ጎልማሶችና ጎረምሶች በሳልቡታሞል ፓፍ ብቻ እንዳይታከሙ መከረ። 200 ጊዜ የሚነፋውን ፓፍ በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ የሚጨርስ ሰው ለከባድ ሕመም የተጋለጠ ነው፤ 12 የሚጨርስ ደግሞ ለሞት አደጋ ቀርቧል። የድልድዩ ጓደኛችን በወር አንድ ይጨርስ ነበር። በዓመት ስንት እንደሚሆን ሒሳቡን እናንተው አስቡት።

እዚህ ላይ በየሰፈሩ የሚወራ አንድ ወሬ እናንሣ። «ፓፍ ሱስ ያስይዛል፤ አንዴ ከጀመሩት አይለቅም» ይባላል። እውነት አይደለም። እብጠቱን የሚያበርደው መድኀኒት ሱስ የለውም፤ በቀጥታ ወደ ሳንባ ስለሚገባ መጠኑም በአፍ ከሚዋጠው እጅግ ያነሰ ነው። የሚፈለገው ጥንቃቄ፥ አፍ ውስጥ ነጭ ቁስል እንዳይወጣ ከሳቡ በኋላ አፍን መጉመጥመጥና መትፋት ነው። ይልቁንስ የሚያስፈራው አለመውሰዱ ነው፤ እብጠቱ ለዓመታት ከቆየ ቧንቧው ጠባሳ ይዞ፥ የጠበበው በር ጠቦ ይቀራል።

መድኀኒቱን መያዝ ብቻ ሳይሆን አሳሳቡንም ማወቅ ያስፈልጋል። ከመካከላችን ብዙዎቹ ለዓመታት መድኀኒቱን ምላሳቸው ላይ ሲረጩት ኖረዋል። ፓፉን መነቅነቅ፤ ቀና ብሎ ተቀምጦ ያለውን አየር ቀስ ብሎ ማስወጣት፤ አፉን በከንፈር ገጥሞ መሳብ ሲጀምሩ መጫን፤ በዝግታና በጥልቅ መሳብ፤ እስከ 10 እየቆጠሩ ትንፋሽን መያዝ፤ ሁለተኛውን ከመድገም በፊት ግማሽ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ መቆየት። ይህ የሚያስቸግረው ሰው በፓፉና በአፉ መካከል የሚገባውን ስፔሰር የተባለውን ዕቃ ይጠቀም። ስፔሰር ከጠፋ ደግሞ፥ በደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች በሕፃናት ላይ ሞክረው እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳተሙት፥ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ በቂጡ በኩል ለፓፉ አፍ ልክ ተበስቶ ዙሪያው ቢደፈን፥ ከተገዛው ስፔሰር የማያንስ ሥራ ይሠራል። እኛ በየመንገዱ ወድቆ የምናየው ሃይላንድ ማለት ነው። ታጥቦ የደረቀ አንድ ጠርሙስ ዛሬ በየክፍላችን አለ።

ሁለተኛው ነገር በሩ ተከፍቶ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ይህም የምንተነፍሰውን አየር መመልከት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ በጅማ የተደረገ ጥናት፥ የደረት ማፏጨትና አስም በከተማው ሰው ላይ ከገጠሩ ይልቅ በዝቶ እንደ ተገኘ አሳይቷል። ከተማ ይዞት የሚመጣ ነገር አለ ማለት ነው። በሰፈራችንም የናፍጣ መኪና ጭስ አለ፤ የከሰልና የላምባ ምድጃ አለ፤ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ብዙ ቤቶች በፈረሱ ጊዜም አቧራው ለብዙ ጊዜ ጉሮሯችንን ይዞን ነበር። የሐምሌና የነሐሴ እርጥበት በግድግዳ ላይ ሻጋታ ያወጣል። ይህን ሁሉ አንድ ተማሪ ብቻውን አይለውጠውም። ሊለውጠው የሚችለው ግን አለ። ቡና ይቅር አንልም፤ ቡና የሌለበት ቤት ምን ቤት ነው? ግን ቡናው ደጅ ይቆላ፥ ዕጣኑም መስኮት ተከፍቶ ይጨስ። ከሰል አፍሞ በዘጉበት ክፍል ማደር ለማንም ሞት ነው፤ ለእኛ ደግሞ ከማንም በፊት። ሲጋራ የሚያጨስ ወንድማችንንም እንለምነዋለን፤ ጭሱ አጠገቡ በተኛው በኛ ሳንባ ውስጥ ያድራል።

ሦስተኛው ሥራው ነው፤ እርሱም ዳገቱ ነው። ሕመሙ ከመድኀኒቱ ጋር ከተረጋጋ በኋላ ሐኪማችንን አማክረን፥ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እስከ ጊዮርጊስ በእግር መውጣት ጀመርን። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ነውና አልሮጥንም። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ሜዳውን በዝግታ እንሄዳለን፤ ያልሞቀ ሰውነት በድንገት ዳገት ሲገጥመው ቧንቧው ይኮማተራልና። የማለዳው ብርድ ሲበረታ አፍና አፍንጫችንን በነጠላ ወይም በሻሽ እንሸፍናለን፤ አየሩ ሞቆና ረጥቦ እንዲገባ። ሐኪም ያዘዘለት ሰው ከመነሣቱ 15 ደቂቃ ያህል በፊት ሰማያዊውን ፓፍ ይስባል። በመንገድ ላይ እርስ በርሳችን እናወራለን፤ መናገር የቻለ ይቀጥላል፥ ቃሉ የተቆራረጠበት ይቆማል። በመቆሙም ማንም አያፍርም።

በመጀመሪያው ሳምንት የድልድዩ ጓደኛችን በዚያች መንገድ ላይ አራት ጊዜ ቆመ። በሁለተኛው ወር አንድ ጊዜ ቆመ። በሦስተኛው ወር ጊዮርጊስ ደርሶ፥ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልሞ፥ እኛን ቆሞ ጠበቀን። ፒክ ፍሎው ሜትር በተባለው መለኪያ ጠዋትና ማታ እየነፋ ይመዘግብ ነበርና፥ 320 የነበረው ቁጥር 430 ደረሰ። ይህን ያመጣው ዳገቱ ብቻ ነው ብንል ዋሾዎች እንሆናለን። በሩን የከፈተው በየቀኑ የሚወስደው መድኀኒት ነው፤ ዳገቱ ልቡንና እግሩን አጸና፥ ከሁሉም በላይ ፍርሃቱን አስወገደ። አስም ያለበት ሰው ከሕመሙ ይልቅ ፍርሃቱ ያስቀምጠዋል፤ በተቀመጠ ቁጥር ይደክማል፤ በደከመ ቁጥር ጥቂት መንገድ ያስተነፍሰዋል።

ከዚህ ጋር የአተነፋፈስ ልምምድ እናደርጋለን። ከመካከላችን ዲያቆን የነበረ አንድ ወንድም አለ፤ ዜማ ሲማር ትንፋሽን በሆድ ይዞ በዝግታ መልቀቅ እንደ ተማረ ነገረን። እጃችንን ሆዳችን ላይ አድርገን ሁለት እስክንቆጥር በአፍንጫ እናስገባለን፤ ከንፈራችንን እንደሚያፏጭ ሰው አሹለን አራት እስክንቆጥር እናስወጣለን። ማስወጣቱ የሚረዝመው፥ ቀድሞ እንዳልነው፥ የኛ ችግር ያለው ማስወጣቱ ላይ ስለ ሆነ ነው። ይህ ልምምድ ጭንቀትን ያበርዳል፤ ኑሮን ያቀላል፤ የመድኀኒትን ቦታ ግን አይተካም።

አስም ያለበት ሰው የት ሊደርስ እንደሚችል ለማወቅ ሩቅ አንሄድም። ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአትላንታና በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘ ሯጭ ነው፤ አስም እንዳለበትም ራሱ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ ሲቃረብ፥ የከተማው አየር ለጤናዬ አይበጀኝም ብሎ ማራቶኑን ተወ። በዚያው ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ሮጦ ስድስተኛ ሆነ። በመስከረም ወር ግን በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። እኛ ከዚህ የምንማረው የወርቁን ነገር አይደለም፤ ወርቅማ ለሁሉ አይደርስም። የምንማረው ሕመሙን አለመደበቁንና የማይበጀውን አየር ለይቶ መተዉን ነው። ያ ሁሉ ጀግንነት ያለው ሰው «እዚህ አልሮጥም» ለማለት ካላፈረ፥ እኛ ጭስ ከሞላበት ክፍል ለመውጣት ለምን እናፍራለን?

ማፈር ስንል፥ ከመካከላችን አንዷ እኅት በሳሏ ምክንያት አከራይዋ ቤት አስለቅቀዋታል፤ የሚተላለፍ መስሏቸው ነው። አስም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ነገር ግን የሚያስል ሁሉ አስም አለበት ማለትም አይደለም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል፥ ሌሊት የሚያልበው፥ የሚከሳ ሰው የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያድርግ፤ ነቀርሳም በመድኀኒት የሚድን በሽታ ነው። እንዲሁም ከጋምቤላ፥ ከአፋር፥ ከሱማሌ ቆላ የመጣ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዳገት ቢያስተነፍሰው አይደንግጥ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሰውነቱ ይለምደዋል። ካልለመደው ወይም ደረቱ ካፏጨ ግን ይመርመር። «በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም» ይባላልና።

አሁን ደግሞ ያን ምሽት ያላወቅነውን እንንገራችሁ፤ ከመካከላችሁ አንዱ ነገ በድልድይ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ቢያጋጥመው ያውቀው ዘንድ። አታስተኙት፤ ቀና ብሎ ይቀመጥ፥ ወደ ፊትም ይደገፍ። ሰው አይክበበው። ከጭሱ አውጡት። ሰማያዊውን ፓፍ፥ ቢገኝ በስፔሰር ወይም በጠርሙሱ፥ አንድ በአንድ ከአራት እስከ አሥር ጊዜ ይሳብ፤ ካልተሻለው በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ በየ20 ደቂቃው ይደገም፤ ይህ ሲሆንም ወደ ሐኪም ቤት ጕዞ ይጀመር። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፥ ከንፈሩ ከጠቆረ፥ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው አንድ ደቂቃ አትጠብቁ። የደረቱ ፉጨት ድንገት ዝም ማለቱም መሻል ላይሆን ይችላል፤ አየር ጨርሶ አልገባ ማለቱ ሊሆን ይችላል።

ወደ መጨረሻው ስንደርስ ኅብረታችንን የምንጠይቀው አለን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2019 እ.ኤ.አ. 262 ሚሊዮን ሰው አስም ነበረበት፤ በዚያው ዓመት 455,000 ሰው ሞቶበታል፤ ከሟቾቹም የሚበዙት እንደኛ ባሉ ድኻ አገሮች ነው። ልዩነቱን ያመጣው የሳንባችን ልክ አይደለም፤ የመድኀኒትና የዕውቀት እጦት ነው። ይህ የሚለወጥ ነገር መሆኑን ፊንላንድ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2004 ሐኪሞቿን፥ ነርሶቿንና ባለ ፋርማሲዎቿን በአንድ ዕቅድ አሰልጥና፥ እብጠቱን የሚያበርደውን መድኀኒት በጊዜ ስላስጀመረች፥ በሽተኞች በአስም ምክንያት ሐኪም ቤት የሚተኙበት ቀን በግማሽ ያህል ቀነሰ። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2013 የሳንባ ልዩ ሐኪሞችን የሚያሠለጥን ትምህርት በጥቁር አንበሳ ተጀምሯል። መንገዱ ተጀምሯል ማለት ነው፤ የኛ ድርሻ ግን ቀርቷል።

ስለዚህ የምንለምነው አራት ነገር ነው። አንደኛ፥ በተማሪዎች ክሊኒክ ሰማያዊው ፓፍ ብቻ ሳይሆን እብጠቱን የሚያበርደውም መድኀኒት ዘወትር እንዲገኝ ኅብረቱ ከአስተዳደሩ ጋር ይነጋገር። ሁለተኛ፥ ለየመኝታ ሕንፃው አንድ ፒክ ፍሎው ሜትርና አንድ ስፔሰር ይኑር። ሦስተኛ፥ በመኝታ ክፍልና በደረጃ ላይ ማጨስ ይቅር። አራተኛ፥ በሚመጣው ኅዳር 12 ቀን ኅብረቱ ተማሪዎችን አሰልፎ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሰፈር ይውረድ፤ ቆሻሻው ይጠረግ፥ ይሰብሰብ፥ ይጫን፤ አይቃጠል። በ1911 የሞቱትን ወገኖቻችንን ጭስ ሳናስነሣ ልናስባቸው እንችላለን።

ድልድዩ በስማቸው የሚጠራው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባሉ ነበር። በ1919 ዓ.ም. አረፉ፤ ስማቸው ግን በየቀኑ ስንመላለስበት ከአፋችን አይለይም። በዚያ ምሽት ድልድዩ ላይ ቆመን መላ አጥተን ነበር። መላው ግን ነበረ፤ ያላወቅነው እኛ ነን። ዛሬ ከናንተ መካከል ስንቶቻችሁ በኪሳችሁ ሰማያዊ ፓፍ ደብቃችሁ እንደ ተቀመጣችሁ እናውቃለን፤ እኛም ደብቀን ኖረናልና። ቅዳሜ ጠዋት በ1 ሰዓት ከድልድዩ አጠገብ እንጠብቃችኋለን። ቀስ ብለን ነው የምንወጣው፤ የቆመም ቢኖር አብረን እንቆማለን።